ፋይልና ዲስክ መመስጠር፦ ከቁልፉ የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

ኮምፒውተርዎ ሲከፈት የይለፍ ቃል ይጠይቃል እንበል። ቃሉም ረጅም ነው፣ ማንም አይገምተውም። ኮምፒውተሩን የሰረቀ ሰው ግን ቃሉን ለመገመት አይደክምም። ጥቂት ብሎኖች ፈትቶ ዲስኩን ያወጣና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካዋል፤ ብሎን መፍታት ከሰለቸው ደግሞ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያሠራ ሌላ ሥርዓት) በተጫነበት ፍላሽ ያስነሳዋል። በዚህ መንገድ የገባን ሰው የይለፍ ቃል የሚጠይቀው የለም። ፎቶው፣ ውሉ፣ የባንክ መግለጫው፣ የመታወቂያው ቅጂ ሁሉ እንደ ማንኛውም ፋይል ይከፈትለታል። የመግቢያ የይለፍ ቃል በር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ ነው፤ በአጥር የዘለለውን አያይም።

ምስጠራ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ዲስኩ ላይ የሚቀመጠው መረጃ ሁሉ በቁልፍ ተለውጦ ስለሚጻፍ፣ ዲስኩን ያወጣ ሰው የሚያገኘው ትርጉም የለሽ የቁጥር ክምር ነው። ዛሬ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ውስጥ ይህን የሚሠራው ስልት ኤኢኤስ ይባላል። ዮአን ዳመን እና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ሁለት ቤልጂየማውያን የነደፉት ሲሆን፣ የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ተቋም በ2001 መስፈርት አድርጎ አጽድቆታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በአግባቡ ከተሠራበት፣ ሒሳቡን ሰብሮ ፋይል የከፈተ ሰው እስካሁን አልታወቀም። ሰዎች ፋይላቸውን የሚያጡትም ሆነ የሚያጋልጡት በቁልፉ በኩል ነው፦ ደካማ ቁልፍ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ ያለ ቦታው የተቀመጠ ቁልፍ።

ከጠፋባቸው አንዱ እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን የውጭ ዲስኬን በመሰጠርኩ ሰሞን፣ የይለፍ ቃሎቼን ሁሉ የያዘውን ፋይል «ለደኅንነቱ» ብዬ ወደዚያው ዲስክ አዛወርኩት። የዲስኩ የራሱ የይለፍ ቃልም የተጻፈው እዚያው ፋይል ውስጥ ነበር። ሳጥን ከፍቶ፣ ቁልፉን ውስጥ ጥሎ፣ ክዳኑን መቆለፍ ማለት ይህ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያስታወስኩትን ሁሉ ስሞክር ሰነበትኩ፤ የሦስት ዓመት ፎቶ እስከ ዛሬ እንደተቆለፈ ነው። ዲስኩን ለመጣል ግን እጄ አልታዘዘልኝም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከፕሮግራሞቹ አይጀምርም። ቸኩለው ወደሚፈልጉት ክፍል ለመዝለል ካሰቡም፣ ቢያንስ ቀጣዮቹን ሁለት ክፍሎች አንብበው ይዝለሉ።

አንደኛ፦ መጠባበቂያ ቅጂ

ነባር ዲስክ መመስጠር ማለት ያለውን ሁሉ አንብቦ መልሶ መጻፍ ነው። በመሀል ኃይል ቢቋረጥ የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሊበላሽ የተቃረበ ዲስክ ግን ይህን ያህል ሥራ ሲበዛበት እዚያው ሊቀር ይችላል፤ ከተመሰጠረ በኋላ የተበላሸን ዲስክ ማዳን ደግሞ ካልተመሰጠረው እጅግ ይከብዳል። ማጣት የማይፈልጉትን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ፤ ከቀዱ በኋላም ከቅጂው ላይ አምስት ስድስት ፋይል ከፍተው ይዩ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ተስፋ እንጂ ቅጂ አይደለም።

ይህ ቅጂ ራሱ በኋላ መመሰጠር አለበት። ላፕቶፑን በጥንቃቄ መስጥሮ፣ የዚያኑ ፋይሎች ቅጂ በግልጽ የያዘውን ዲስክ መሳቢያ ውስጥ የሚተው ሰው ብዙ ነው።

ሁለተኛ፦ የይለፍ ቃል

ስምንት ፊደል ላይ አንድ ቁጥርና አንድ የቃል አጋኖ ምልክት መጨመር ለድረ ገጽ መግቢያ ይበቃ ይሆናል። ለዲስክ አይበቃም። ድረ ገጽ ጥቂት ጊዜ ከተሳሳቱ ያግድዎታል፤ የተመሰጠረን ዲስክ ቅጂ በእጁ ያስገባ ሰው ግን ኮምፒውተሩን ሌት ተቀን እያስገመተ የሚያስቆመው የለም። ከዚህ የሚያድነው ርዝመትና ዕጣ ነው። አርኖልድ ራይንሆልድ በ1995 ያቀረበው የዳይስ ዘዴ እስከ ዛሬ ከማውቃቸው ሁሉ ቀላሉ ነው። 7776 ቃላት ያሉት ዝርዝር አለ፤ ዳይስ (ከ1 እስከ 6 የተቆጠረ የዕጣ መጣያ ኩብ) አምስት ጊዜ ይጣልና የወጣው ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር አንድ ቃል ያመለክታል። ስድስት ቃል ሲሆን፣ ሊሆኑ የሚችሉት ጥምረቶች ቁጥር 2 ተጽፎ ከኋላው 23 ዜሮ የተደረደረለት ያህል ነው። ዝርዝሩ ከሌለዎት ወፍራም መዝገበ ቃላት ዓይንዎን ጨፍነው እየገለጡ ጣትዎ ያረፈበትን ይውሰዱ፤ ይህ እንደ ዳይሱ ፍጹም ዕጣ ስላልሆነ ሰባት ቃል ያድርጉት። ያልወደዱትን ቃል መቀየር ክልክል ነው፤ መምረጥ ከጀመሩ ዕጣው ቀረ።

ተረትና ምሳሌ፣ ጥቅስ፣ የዘፈን ስንኝ አይጠቀሙ። ረጅም ስለሆኑ ጠንካራ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ገማቹም ያውቀዋል።

አሁን ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያ። የዲስክ የይለፍ ቃል በፊደል አይጻፉ። ምክንያቱ ሁለት ነው። ሙሉ ዲስክ ሲመሰጠር ቃሉ የሚጠየቀው ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ በዚያን ሰዓት የአማርኛ ኪቦርድ የሚባል ነገር የለም፣ ማሽኑ የሚያውቀው በአብዛኛው የእንግሊዝኛውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የራሳችን ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያዩ የይለፍ ቃላት ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ የትኛውን «ሀ» እንደተጠቀሙ ለማስታወስ መሞከር የሚመከር መዝናኛ አይደለም። ቃላቱ አማርኛ ቢሆኑ መልካም፤ በላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትንሹ ፊደል ይጻፏቸው። «ጸ»ን በሁለት ፊደል ይሁን በሦስት፣ «ቀ»ን በየትኛው እንደሚጽፉ ደግሞ አሁኑኑ ይወስኑና አይለውጡ።

ከዚያ ወረቀት ላይ ይጻፉት። አዎ፣ ወረቀት ላይ። ላፕቶፕዎን ከመኪና የሚሰርቅ ሰው ቤትዎ ያለውን ወረቀት አያገኘውም፤ የዘነጋ አእምሮ ግን ሌባ ሳያስፈልገው ያዘርፋል። ወረቀቱ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥ፣ ከመሣሪያው ሥር አይለጠፍ። ሁለት ቅጂ ቢሆንና አንዱ የሚያምኑት ሰው ዘንድ ቢቀመጥ የተሻለ ነው። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ከጻፉት ጣቶችዎ ይለምዱታል።

ዊንዶውስ

መጀመሪያ የትኛው እትም እንዳለዎት ይዩ። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከሥሩ አባውት የሚለውን ሲከፍቱ «ሆም» ወይም «ፕሮ» የሚል ያገኛሉ። በፕሮ ላይ የዊንዶውስ የራሱ መመስጠሪያ የሆነው ቢትሎከር ከነሙሉ አማራጮቹ አለ። በሆም ላይ ያለው «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» የተባለው ቀለል ያለ ስሪት ነው፤ በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ከሚለው ሥር ይገኛል። አንዳንድ አሮጌ ማሽን ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል፤ ያኔ ወደ ቬራክሪፕቱ ክፍል ይለፉ።

ምንም ከማብራትዎ በፊት፣ ቀድሞውኑ በርቶ እንዳይሆን ያረጋግጡ። በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈቱ ብዙ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ባለቤቱ ሳያውቅ ራሳቸውን መስጥረዋል፤ 24ኤች2 ከተባለው የዊንዶውስ 11 እትም ወዲህ ደግሞ አዲስ ሲጫን ይህ የተለመደ ሆኗል። ጉዳቱ ምስጠራው ሳይሆን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ የሚባለው፣ ማሽኑ እንደወትሮው አልከፈትም ሲል የሚጠይቀው 48 አሃዝ የት እንዳለ አለማወቅ ነው። በሐምሌ 2024 ክራውድስትራይክ የተሰኘው ኩባንያ የላከው የተበላሸ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን በጣለ ጊዜ፣ ጥገናውን ካዘገዩት ነገሮች አንዱ ይኸው ቁጥር ነበር፦ በቢትሎከር የተመሰጠረው ማሽን ለጥገና ሲከፈት ቁልፉን ይጠይቃል። በርቶ ካገኙት ቁልፉን በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ገጽ ፈልገው ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

ካልበራ እንጀምር። በፕሮ ላይ ስታርት ውስጥ «ማኔጅ ቢትሎከር» ብለው ይፈልጉና ይክፈቱ። ከዋናው ድራይቭ ጎን «ተርን ኦን ቢትሎከር» የሚለውን ይጫኑ። የሚቀርብልዎት የመጀመሪያ ጥያቄ የመልሶ ማግኛ ቁልፉ የት ይቀመጥ የሚል ነው፦ አካውንት ላይ፣ ፋይል ሆኖ፣ ወይስ ታትሞ። ፋይሉን በሚመሰጠረው ድራይቭ ላይ ላስቀምጥ ቢሉት እምቢ ይላል። እኔ በወጣትነቴ እንዲህ እምቢ የሚለኝ ባገኝ ኖሮ!

አካውንት ላይ ማስቀመጥ ያከራክራል። ቁልፉ ኩባንያው ዘንድ ከተቀመጠ፣ አካውንትዎን የሰበረ ሰው ወይም በሕግ የሚጠይቅ አካል ሊደርስበት ይችላል። በሌላ በኩል ለአብዛኛው ሰው ዋናው ጠላት የራሱ መርሳት ነው። የእኔ ምክር፦ ማተም ወይም በእጅ መገልበጥ ለሁሉም ግዴታ ይሁን፤ አካውንቱን የሚጨምሩት ግን አስበውበት ይሁን። በእጅ ሲገለብጡ የሚረዳ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። 48ቱ አሃዞች ባለ ስድስት አሃዝ ስምንት ቡድኖች ናቸው፣ እያንዳንዱ ቡድን ደግሞ ያለ ቀሪ ለ11 ይካፈላል። በካልኩሌተር እያካፈሉ የጻፉትን መፈተሽ ይችላሉ፤ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ቀሪ ይወጣል። ከቁጥሩ ጎን የቁልፉን መለያ የመጀመሪያ ስምንት ፊደላትም ይጻፉ። ማሽኑ ቁልፍ ሲጠይቅ ይህን መለያ ስለሚያሳይ፣ ከሁለት ሦስት ወረቀት መካከል የትኛው የየትኛው እንደሆነ ያውቃሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ የተያዘው ቦታ ብቻ ይመስጠር ወይስ ሙሉው ድራይቭ የሚል ነው። ኮምፒውተሩ አዲስ ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል። የቆየ ከሆነ ሙሉውን ይምረጡ፤ የተሰረዙ ፋይሎች ቅሪት «ባዶ» በሚባለው ቦታ ውስጥ ተኝቶ ስለሚቆይ ሳይመሰጠር ይቀራል። ከዚያ አዲሱን ስልት ወይስ ከድሮው ጋር የሚስማማውን የሚል ይመጣል፤ ለውስጥ ድራይቭ አዲሱን፣ ከጥንት ዊንዶውስ ጋር ለሚዘዋወር ፍላሽ የሚስማማውን ይምረጡ። መጨረሻ ላይ ለሚቀርበው የሲስተም ፍተሻ እሺ ይበሉ፤ ማሽኑ አንዴ ይነሳና ሥራው ይጀምራል። ትልቅ ዲስክ ሰዓታት ይፈጃል። እርስዎ ግን መሥራት፣ ማጥፋትም ይችላሉ፤ ሲከፍቱት ይቀጥላል።

ኮምፒውተሩ ከዚህ ወዲያ ይንቀራፈፋል ብለው የሚሰጉ አሉ። ከ2010 ጀምሮ ፕሮሰሰሮች ኤኢኤስን በራሳቸው ትእዛዝ መሥራት ስለጀመሩ፣ በተራ ሥራ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅዎትም።

አሁን ግን አንድ እንግዳ ነገር ያስተውላሉ፦ ሲከፈት ምንም አልጠየቀም! ቁልፉን የያዘው ቲፒኤም የተባለ ቺፕ ስለሆነ፣ የማስነሻ ፋይሎቹ እንዳልተነካኩ ካየ ራሱ ይከፍታል። ዲስኩን ለብቻው ያወጣውን ሌባ ይህ ይበቃዋል። ማሽኑን ሙሉውን የወሰደና ዕውቀት ያለው ሰው ግን ቁልፉ በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ (ራም) ውስጥ ባለበት ሁኔታ የመግቢያው ገጽ ድረስ ይደርሳል። የያዙት ነገር ይህን የሚያሰጋ ከሆነ ሲነሳ የሚጠየቅ ፒን ይጨምሩ። ስታርት ውስጥ «ኤዲት ግሩፕ ፖሊሲ» ብለው ይክፈቱ፤ በአድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ዊንዶውስ ኮምፖነንትስ፣ ቢትሎከር፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ድራይቭስ አድርገው «ሪኳየር አዲሽናል ኦተንቲኬሽን አት ስታርትአፕ» የሚለውን ያብሩ። ወደ ማኔጅ ቢትሎከር ሲመለሱ ድራይቩ ሲነሳ እንዴት እንደሚከፈት መለወጫ ያገኛሉ። ፒኑ ቢያንስ 6 አሃዝ ነው፤ የልደት ቀን አይሁን።

የባዮስ (ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ማሻሻያ ከመጫንዎ በፊት «ሰስፔንድ ፕሮቴክሽን» የሚለውን ይጫኑ። ቺፑ የለመደው ነገር ሲለወጥበት ይጠረጥርና 48ቱን አሃዝ ይጠይቃል፤ ለጊዜው ማገዱ ከዚህ ያድናል።

አንድ ነገር ልጨምርና ከዊንዶውስ እንውጣ። አንዳንድ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) «ራሱን በራሱ ይመሰጥራል» ተብሎ ይሸጣል። በ2018 የሆላንዱ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእነዚህ በርካታዎቹን ፈትሸው ያለ ትክክለኛው የይለፍ ቃል ሊከፈቱ እንደሚችሉ አሳዩ። ቢትሎከር ያን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ዲስክ ሲያገኝ ሥራውን ለዲስኩ ይተው ነበር፤ ማይክሮሶፍት በ2019 ያንን ልማድ ለውጦታል። በማስታወቂያው አይተማመኑ፣ ቢትሎከሩን ያብሩት።

ማክ

እዚህ ሥራው አጭር ነው። ሲስተም ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ፋይልቮልት፣ ከዚያ ማብራት። ከ2020 ወዲህ በወጡት የአፕል ቺፕ ባላቸው ማሽኖች ዲስኩ ከፋብሪካው ጀምሮ የተመሰጠረ ነው፤ ፋይልቮልት የሚያደርገው ያንን ቁልፍ ከእርስዎ የይለፍ ቃል ጋር ማሰር ስለሆነ ወዲያው ያልቃል። ታዲያ አስፈላጊ አይደለም ማለት አይደለም፤ ሳያበሩት ቁልፉ የእርስዎን ቃል ሳይጠይቅ ይከፈታል። የመልሶ ማግኛ ቁልፉ በአራት አራት የተከፈለ 24 ፊደልና ቁጥር ነው፤ ዜሮንና «ኦ»ን ለይተው ይጻፉ። ለታይም ማሽን (ለማክ የመጠባበቂያ ቅጂ ፕሮግራም) የሚጠቀሙበትን የውጭ ዲስክ ሲያዘጋጁ ቅጂው እንዲመሰጠር የሚጠይቀውን አማራጭ አይለፉት።

ሊኑክስ

ሊኑክስ ላይ ትክክለኛው ጊዜ ሲጫን ነው። ኡቡንቱንም ሆነ ሌሎቹን የሊኑክስ ዓይነቶች ሲጭኑ፣ ዲስኩን ስለማዘጋጀት በሚጠይቅበት ደረጃ ላይ የምስጠራ አማራጭ አለ፤ ያንን መርጠው የይለፍ ቃሉን ያስገባሉ። የተጫነን ሥርዓት በኋላ መመስጠር ይቻላል፣ ግን አድካሚና አደገኛ ነው። ቅጂ ይዞ እንደ አዲስ መጫን ይቀላል።

የሚሠራበት ቅርጽ ሉክስ ይባላል። አንድ ዲስክ በበርካታ የይለፍ ቃላት እንዲከፈት ያስችላል፤ የመጀመሪያው ሉክስ 8 ቦታ ነበረው፣ ሁለተኛው እስከ 32 ይደርሳል። ለዕለት ተዕለት አንድ፣ ወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ረጅም ሁለተኛ አድርገው ቢጨምሩበት እንደ መልሶ ማግኛ ያገለግላል። ዋና ዋና ቁልፎቹ ያሉት ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ባለው ሄደር ውስጥ ነው። እሱ ከተበላሸ ትክክለኛው የይለፍ ቃልም አይጠቅምም፤ ስለዚህ ክሪፕትሴትአፕ በሚባለው መሣሪያ የሄደሩን ቅጂ አውጥተው ሌላ ቦታ ያኑሩ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ የይለፍ ቃሉ ተሰርቆ ቢቀይሩት እንኳ፣ አሮጌው የሄደር ቅጂ በአሮጌው ቃል ይከፈታል። ቃሉን ሲቀይሩ የሄደሩን ቅጂም ያድሱ፣ አሮጌውን ያጥፉ።

ፍላሽ፣ የውጭ ዲስክ እና ቬራክሪፕት

ፍላሹ የሚሰካው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ከሆነ ቢትሎከር ይበቃል። በማኔጅ ቢትሎከር ገጽ ላይ ከፍላሹ ጎን አብርተው የይለፍ ቃል ይሰጡታል። በሆም እትም መመስጠር ባይቻልም በፕሮ የተመሰጠረውን መክፈት ግን ይቻላል። ከማክና ከሊኑክስ ጋር የሚዘዋወር ከሆነ ቬራክሪፕት ይሻላል። በ2013 ትሩክሪፕት ከተባለው ፕሮግራም ተቀድቶ የተነሳ፣ ነፃና ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ትሩክሪፕትን ሠሪዎቹ በ2014 ትተውታል፤ ዛሬም አውርደው የሚጠቀሙ አሉ፣ እርስዎ አይጠቀሙ።

ለጀማሪ የምመክረው ሙሉ ፍላሽ መመስጠርን ሳይሆን መያዣ ፋይል መሥራትን ነው። ከውጭ ሲታይ አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ በይለፍ ቃል ሲከፈት ግን እንደ አንድ ድራይቭ ይቀርባል። ፕሮግራሙን ከራሱ ድረ ገጽ አውርደው ይጫኑ። «ክሪኤት ቮሊዩም» የሚለውን ሲጫኑ ከሚመጡት የመጀመሪያውን፣ ማለትም የተመሰጠረ የፋይል መያዣ የሚለውን ይምረጡ፤ ቀጥሎ «ስታንዳርድ» የሚለውን። አሁን የፋይሉን ቦታና ስም ይጠይቅዎታል። ተጠንቀቁ የምለው እዚህ ነው፦ ያለ ፋይል ከመረጡ ያንን ፋይል አይመሰጥረውም፣ አጥፍቶ በምትኩ አዲስ ባዶ መያዣ ይፈጥራል። ሁልጊዜ አዲስ ስም ይስጡ።

የምስጠራውን ስልት በነበረበት ይተዉት፦ ኤኢኤስ እና ሻ 512። ሦስት ስልት መደራረብ የሚያስችለው አማራጭ ያጓጓል፤ ትርፉ መንቀራፈፍ ነው። መጠኑን ሲወስኑ መያዣው በኋላ በቀላሉ እንደማይሰፋ አስበው ሰፋ ያድርጉት። የፍላሹ ፎርማት ግን ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይችልም፤ አስቀድመው በኤክስፋት ፎርማት ያድርጉት። የይለፍ ቃል ያስገባሉ፤ ፒም የሚለውን ባዶ ይተዉታል። ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ያስቀምጡ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ቪዲዮ ካለዎት አዎ ይበሉ። በመጨረሻው ገጽ ማውሱን በመስኮቱ ውስጥ ያለ ሥርዓት ወዲያ ወዲህ ማንቀሳቀስ አለብዎት፤ ቁልፉ የሚፈጠርበት ዕጣ የሚሰበሰበው ከዚህ እንቅስቃሴ ጭምር ነው። መለኪያው አረንጓዴ ሲሆን ፎርማት የሚለውን ይጫኑ።

ለመክፈት በዋናው ገጽ ላይ አንድ የድራይቭ ፊደል ይመርጣሉ፣ «ሴሌክት ፋይል» ብለው መያዣውን ያሳዩታል፣ «ማውንት» ብለው ቃሉን ያስገባሉ። ሲጨርሱ «አንማውንት» የሚለውን ሳይጫኑ ፍላሹን አይንቀሉ። የሰው ኮምፒውተር ላይ ለመክፈት የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሊያስፈልግ እንደሚችልም አይዘንጉ፤ ሌላ ቦታ ሄደው መክፈት ቢያቅትዎ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

አንድ ፋይል ለመላክ

ውል ወይም የሕክምና ውጤት በኢሜይል መላክ ሲያስፈልግ ሰቨን ዚፕ የተባለው ፕሮግራም ቀላሉ መንገድ ነው። ፋይሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው ወደ ማኅደር የሚጨምረውን ይምረጡ፤ ቅርጹን ሰቨን ዜድ ያድርጉ፣ የይለፍ ቃል ይስጡ፣ የፋይል ስሞቹም እንዲመሰጠሩ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። ያለዚያ ይዘቱ ተደብቆ ስሙ ለሁሉም ይነበባል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ስሙ ብቻውን ወሬውን ይጨርሰዋል። ተቀባዩ ዚፕ ብቻ የሚከፍት ከሆነ ስልቱን ከዚፕክሪፕቶ ወደ ኤኢኤስ 256 ይለውጡ፤ ዚፕክሪፕቶ ደካማነቱ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። የይለፍ ቃሉን በዚያው ኢሜይል አይላኩ፤ ደውለው ይንገሩ።

የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን «ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስወርድ» በሚለው መቆለፍ በአዲሶቹ እትሞች እውነተኛ ምስጠራ ነው። የ97-2003 ቅርጽ ላይ ግን አይመኑት። የኤክሴልን ሉህ እንዳይነካ መቆለፍና ፎልደርን «የተደበቀ» ማድረግ ደግሞ ከምስጠራ ጋር ዝምድና የላቸውም።

ፋይሎችዎን ደመና ላይ የሚያስቀምጡ ከሆነ ለቬራክሪፕት መያዣ ቦታው እዚያ አይደለም። አንድ መስመር ሲለውጡ ግዙፉ ፋይል እንደገና ሊጫን ይችላል፤ ፕሮግራሙም የመያዣውን የለውጥ ሰዓት እንደነበረ ስለሚይዘው ማመሳሰያው ለውጡን ጨርሶ ላያየው ይችላል። ለዚህ ክሪፕቶማተር አለ፤ እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻው መስጥሮ ይልካል።

ከበራ በኋላ

የተመሰጠረ ዲስክ የሚጠብቅዎት ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ነው። በርቶ እያለ ለእርስዎ የሚነበበው ሁሉ ለገባብዎት ቫይረስም ይነበባል። ክዳኑን ዘግተው ስሊፕ ላይ ሲተዉትም ቁልፉ ማስታወሻው ውስጥ እንዳለ ነው። በ2008 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማስታወሻው ኃይል ከተቋረጠበት በኋላም ለጥቂት ጊዜ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ለረዘመ ጊዜ ይዘቱን እንደሚይዝ አሳይተው ቁልፎችን አውጥተዋል። መንገድ ሲወጡ፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ ትተውት ሲሄዱ ሙሉ በሙሉ ያጥፉት።

ፋይል ወደ መያዣ ሲያዛውሩ የመጀመሪያው ቅጂ የት ቀረ የሚለውም ያስቡበት። ኤስኤስዲና ፍላሽ አዲስ ነገር ሲጻፍባቸው በአሮጌው ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ ስለሚጽፉ፣ ደጋግሞ በላዩ መጻፍ መጥፋቱን አያረጋግጥም። ሰቨን ዚፕም ከመስኮቱ ውስጥ የከፈቱለትን ፋይል በጊዜያዊ ፎልደር ይፈታዋል። የዚህ ሁሉ መድኃኒት ዋናው ዲስክ አስቀድሞ መመሰጠሩ ነው። መያዣና ዚፕ ብቻቸውን ሳይሆኑ በሙሉ ዲስክ ምስጠራ ላይ የሚጨመሩ ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ላይ ልምምድ ያድርጉ። መጠባበቂያ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው፣ ከአእምሮዎ ሳይሆን ከወረቀቱ ላይ ብቻ እያነበቡ ይክፈቱት። ካልተከፈተ ዛሬ ማወቅዎ መልካም ነው፤ ፋይሎቹ ገና ሁለት ቦታ አሉ።

ኮምፒውተሩን ሲሸጡ ወይም ሲሰጡ ደግሞ የምስጠራው ሌላ ጥቅም ይታያል። ከመጀመሪያው ጀምሮ የተመሰጠረ ዲስክ ላይ እያንዳንዱን ፋይል መፋቅ አያስፈልግም፤ ቁልፉ ከጠፋ የቀረው የቁጥር ክምር ነው። በዊንዶውስ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ከሚለው ውስጥ ሁሉንም አጥፋ የሚለውን፣ በማክ ይዘትንና ቅንብርን ሁሉ የሚያጠፋውን ይጠቀሙ፤ የድሮውን የመልሶ ማግኛ ቁልፍም ከአካውንትዎ ይሰርዙ። ወረቀቱን የሚቀዳድዱት ግን ፋይሎቹ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ መከፈታቸውን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ነው፤ ከመቅደድዎ በፊትም ጥጉ ላይ የጻፉትን መለያ አንብበው የመጠባበቂያ ዲስኩ ቁልፍ አለመሆኑን ያረጋግጡ።